ጉዳዩ፦ የልጆችን የሳይክል ፍሬን ይመለከታል

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ!

ባሕር ዳር ሜዳ ናትና ልጆቻችን በሳይክል መምጣታቸው ደስ ይለናል። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሳይ ግን ብዙዎቹ የሚቆሙት በፍሬን ሳይሆን በጫማቸው ነው። የአንድ እግር ሶል ብቻ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ግራ ለገባችሁ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ የፊቱ ወይም የኋላው ፍሬን የማይሠራለት ሳይክል አይነዳም። ልጁ ይማራል፣ ሳይክሉ ጥበቃ ጋ ይውላል፣ ማታ እየተገፋ ይመለሳል።

ፍተሻው ቤት ውስጥ ይቻላል። ፍሬኑን ያዝ አድርጉና የፍሬኑ ላስቲክ የት እንደሚያርፍ እዩ። ማረፍ ያለበት ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ቀለበት) ላይ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ እየፋቀ ይቀደዋል። ዝቅ ካለ ደግሞ ሾልኮ ሽቦዎቹ መሃል ሊገባ ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ፍሬኑ ሲለቀቅ በላስቲኩና በቸርኬው መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ አልቋልና ቀይሩት። ከጮኸ የፊት ጫፉ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ በጣም በትንሹ ዘንበል አድርጉት። ዘይት ግን በፍጹም! ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።

አዲስ ለምትገዙ፣ ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን መሃል ላይ ያለ ሳህን የሚይዘው) ግድ አይደለም። በሁለት በኩል ቆመው ቸርኬውን የሚቆነጥጡት የቪ ፍሬን ክንዶች ለልጅ በቂ ናቸው። ቸርኬው አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ የብረቱ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። እጀታ ለብቻ ከገዛችሁ ለቪ ፍሬን የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። የሌላው ዓይነት እጀታ ገመዱን የሚስበው ጥቂት ስለሆነ መሪው ጋ ይደርሳል እንጂ በቅጡ አይነክስም። የልጁ ጣት ካልደረሰም ብዙ እጀታዎች ላይ ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች።

አንዳንድ አባቶች «ይገለብጠዋል» ብለው የፊቱን ፍሬን ያስፈታሉ። እባካችሁ አታስፈቱ፤ ሳይክልን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀስ እያደረገ እንዲይዝ አለማምዱት።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍና ፒንሳ ያለው ወላጅ ግቢያችን ብቅ ቢል አብረን እናስተካክላለን። ላስቲክና ገመድ ይዛችሁ ኑ፤ ትምህርት ቤቱ ለዚህ በጀት የለውም።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ