ውሃው ጠርቶ እያለ የማጣሪያውን ካርቦን ቀይሩ የምንልበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ በስልክም በአካልም ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን አንድ ጥያቄ በዚህ ደብዳቤ ለመመለስ እንወዳለን። ጥያቄው ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ኩልል ብሎ እየታየ፣ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ፣ ካርቦኑን ቀይሩ የምንላችሁ ለምንድን ነው የሚል ነው። ወጪው ቀላል ስላልሆነ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ ባለፈው በሰጠናችሁ ወረቀት ላይ የመቀየሪያውን ጊዜ ብቻ ጽፈን ምክንያቱን መተዋችንም የእኛ ጉድለት ነበር።

በማጣሪያው ውስጥ ያለው ጥቁር ፍሬ አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል። ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ሲሆን፣ ጥሬ ዕቃው አየር በሌለበት ከከሰለ በኋላ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ከሰሉን ከውስጥ ጥቂት በጥቂት እየበላ ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ2 ናኖ ሜትር በሚያንስ፣ ለዓይን ፈጽሞ በማይታዩ ቀዳዳዎች ይሞላዋል። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ አንድ ግራም ካርቦን 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ በማይሞላ ካርቦን ውስጥ ሁለት ባለ 500 ካሬ ግቢ አለ ማለት ነው። የምድጃ ከሰል በዚህ መንገድ ስላላለፈና ቀዳዳዎቹም በአብዛኛው በቅጥራን የተደፈኑ ስለሆኑ፣ አጥባችሁ በማጣሪያው ውስጥ ብትጨምሩት ይህን ሥራ አይተካም።

ካርቦኑ እንደ ወንፊት የሚያጠልል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በውሃ ውስጥ የሟሙት የፀረ ተባይ ቅሪቶች፣ ከነዳጅ የሚመጣው ቶሉይን፣ ክሎሪን ከዕፅዋት ብስባሽ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ክሎሮፎርም ግን በየትኛውም ወንፊት የሚያልፉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ካርቦኑ የሚይዛቸው፣ እንደ ዘይት ከውሃ ጋር እምብዛም ስለማይስማሙ የቀዳዳውን ግድግዳ መርጠው ስለሚጣበቁበት ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ከየአቅጣጫው ስለሚስባቸው አጥብቆ ይይዛቸዋል። ወደ ቀዳዳው ለመግባት ጊዜ ስለሚፈልጉ ቧንቧውን በኃይል ከመክፈት ይልቅ በቀስታ መቅዳት ይሻላል።

መጣበቂያ ቦታው ግን ያልቃል። በተለይ በክረምት ጎርፉ ከቅጠልና ከአፈር አጥቦ የሚያመጣው ብስባሽ ቦታውን ስለሚሻማ ካርቦኑ ቶሎ ይደክማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ደግሞ፣ ጠንክሮ የሚጣበቀው ነገር እንደ ክሎሮፎርም ያለውን ላላ ብሎ የተጣበቀ ገፍቶ የሚያስወጣው መሆኑ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ወደ ማጣሪያው ከሚገባው ውሃ የባሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው አይደፈርስም። የክሎሪን ሽታ አለመመለሱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ካርቦኑ ክሎሪንን የሚያጠፋው ከእሱ ጋር ኬሚካላዊ ለውጥ በማድረግ ስለሆነ፣ ሌላው አቅሙ ካለቀ በኋላም ሽታውን ማጥፋቱን ይቀጥላል።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምትኖሩ ደንበኞቻችን አንድ ነገር እንድታውቁልን አጥብቀን እንለምናለን፤ ይህ ካርቦን በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገኘውንና ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳውን ፍሎራይድን አያስወግድም። ለዚያ የአጥንት ከሰል ወይም ሌላ የተለየ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የጉድጓድ ውሃችሁ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ከእኛ ካርቦን ብቻ መፍትሔ አትጠብቁ። ካርቦኑ ጨውንም ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣውን ናይትሬትንም አያስቀርም፤ ጀርምንም አይገድልም፤ እንዲያውም ክሎሪኑ የጠፋበት ውሃ ለቀናት ሲተኛበት ባክቴሪያ ይራባበታል። ስለዚህ ከጉዞ ስትመለሱ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃ አፍስሱ፤ የምትጠጡትንም አፍሉ።

ካርቦኑ የተቀየረበትን ቀን ባለሙያችን በማጣሪያው ላይ ይጽፍላችኋል። የወጣውን አሮጌ ካርቦን፣ ከሰል ይመስላል ብላችሁ ምድጃ ላይ እንዳትጨምሩት አደራ እንላለን፤ ለወራት የያዘው ኬሚካል በሙቀት ተለቅቆ ከጭሱ ጋር ቤታችሁን ይሞላልና። ለባለሙያችን መልሱለት፣ እኛ እንረከባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የውሃ ማጣሪያ አገልግሎት ክፍል