«ወደድኩት» ብቻውን አይበቃም፦ የፋንታሲ መጻሕፍትና የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ የሚሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት ነው። ለጁምዓ ሰላት የሚሄዱ አባላት እስኪመለሱ ይጠበቃል፤ ከዚያ 90 ደቂቃ ይቀጥላል። አባላቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ 24 ተማሪዎች ሲሆኑ የሚያግባባቸው ደንብ አንድ ነው። ማንም ስለ መጽሐፍም ሆነ ስለ ፊልም ያሻውን ሊል ይችላል፤ ገጹን ወይም ትዕይንቱን ካልጠቀሰ ግን አስተያየቱ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። «ይመቻል» ወይም «ይደብራል» ብሎ መቀመጥ የለም።

ደንቡ የጠበቀው በምክንያት ነው። አዲስ አባል ይዞት የሚመጣው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይተርካል፣ ወይ ዩቲዩብ ላይ የሰማውን ፍርድ ይደግማል። ለመጀመሪያው የቃል ገደብ አበጀን። አስተያየቱ ከ150 ቃል አይበልጥም፣ ከዚህም ለታሪኩ የሚፈቀደው 30 ነው። ለሁለተኛው «የትኛው ገጽ ላይ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፤ የተዋሱት አስተያየት ገጽ የለውም።

አስማት ያለበትን ታሪክ ስንመዝን ሦስት ነገር እናያለን፦ አስማቱ ምን ያስችላል፣ ምን አያስችልም፣ የሚጠቀምበትን ሰው ምን ያስከፍለዋል። በተረት ውስጥ ጅብ ሲናገር «እንዴት ቻለ?» የሚል የለም፤ ተረቱ አጭር ነው፣ ጅቡም ተናግሮ መንገዱን ይሄዳል። አምስት መቶ ገጽ የሚዘልቅ ልብ ወለድ ግን ባለታሪኩ በተጨነቀ ቁጥር አዲስ ኃይል ካወረደለት አንባቢው አብሮት መጨነቁን ይተወዋል።

የቶሚ አዴየሚ «ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» (እ.ኤ.አ. 2018) በዚህ ሚዛን ጥሩ ተነሥቷል። ከዮሩባ እምነት የተቀዳው አስማት በነገድ የተከፋፈለ ነው፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዜሊ የምታዘው የሙታንን መንፈስ እንጂ እሳትን ወይም ውኃን አይደለም፤ ኃይሏን ስትጠቀምም ሰውነቷ ይዝላል። ቅሬታው ያረፈው በተራኪዎቹ ላይ ነው። ዜሊ፣ አማሪና ኢናን በየተራ «እኔ» እያሉ ይተርካሉ፤ የየምዕራፉ ርዕስም የተራኪው ስም ነው። ድምፃቸው መለያየቱን ለማወቅ ርዕሱን በወረቀት ሸፍኖ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብና ተራኪውን ማስገመት ነው። ዘመድ በስም የሚጠራበትን አንቀጽ መምረጥ ፈተናውን ያበላሸዋል፤ መልሱን ስሙ ይናገራላ። ጸጥ ባሉት ምዕራፎች ግምቱ ይሰምራል፤ ውጊያ ሲጀመር ግን ሦስቱ አንድ ሰው ይመስላሉ። እኔ ይህን የመጽሐፉ ድክመት አድርጌ እወስደዋለሁ። ታሪኩ እስከሮጠ ድረስ ማን እንደተረከው ግድ የሌላቸው አባላትም አሉ፤ መብታቸው ነው።

የሱዛና ክላርክ «ፒራኔዚ» (እ.ኤ.አ. 2020) ተቃራኒው ነው፦ አጭር፣ ዝግ ያለ፣ ውጊያ የሌለው። በአራት ቅጂ ለ24 አንባቢ ለማዳረስ ስድስት ስድስት ሆነው አንድ ቅጂ ይይዛሉ፤ መጽሐፉ በአንድ ሰው እጅ ከሁለት ሌሊት በላይ አያድርም። በመጀመሪያው ዙር የሚነበበው ከሰባቱ ክፍሎች ሁለቱ ብቻ ነው። የተቀረው በላስቲክ ይታሰራል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ተረኛ ጨርሶት መጨረሻውን ለአምስቱ ያከፋፍላል። (ላስቲኩን የፈታ አይጠፋም፤ አፉን እስከያዘ ድረስ አንከሰውም።) ተራኪው ማብቂያ በሌለው አዳራሽ የሚኖር፣ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ነው። ዓመቱን በቁጥር ሳይሆን አልባትሮስ የተባለው ወፍ በመጣበት እያለ ይጠራዋል። ይህ ለእኛ አባላት እንግዳ አልሆነም፤ በቤታቸው «ከክፉ ቀን በኋላ» ሲባል ሰምተው አድገዋል። የከበዳቸው ተራኪው ከእነሱ ያነሰ የሚያውቅ መሆኑ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ የሚያገኘው ሰው የሚያበራ ዕቃ ይይዛል፤ ተራኪው ምንነቱን አያውቅም፣ አንባቢው ግን ያውቃል። ስለዚህ አስተያየታቸውን ከሚጽፉበት ካርድ ጀርባ በሁለት ዓምድ እንዲጽፉ ተደረገ፦ እሱ ያየው በአንዱ፣ እኛ የገባን በሌላው። ሁለተኛው ዓምድ እየረዘመ ሲሄድ «ምንም አይፈጠርም» የሚለው ስሞታ ቀነሰ።

የዓመቱን ትልቅ ክርክር ያስነሣው በበረሃማ ፕላኔት ላይ የሚካሄደው «ዱን» ነው። የፍራንክ ኸርበርት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን የደኒ ቪልኔቭ ሁለት ፊልሞች በ2021 እና በ2024 ወጡ። ሁሉም ያነበበው ከመጽሐፉ ሦስት ክፍሎች የመጀመሪያውን ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ የቃላት መፍቻ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቃል ወደ ኋላ የሚገልጥ አንባቢ ብዙም ሳይርቅ ይሰለቻል። መጀመሪያ መፍቻውን ሳይነኩ ሦስት ምዕራፍ መዝለቅ፣ ከዚያ ደጋግመው የመጡትን ቃላት ብቻ ማየት ያዋጣል።

ለማነጻጸር የመረጥነው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ወጣቱ ፖል፣ እጁን ሕመም በሚያመነጭ ሳጥን ውስጥ የሚያስገባበት ነው። በመጽሐፉ ፍርሃትን የሚገሥጸውን ጸሎት መሰል ቃል በልቡ የሚያስታውሰው ራሱ ፖል ነው፤ አንባቢው ሐሳቡ ውስጥ ተቀምጧል። ካሜራ ሐሳብ ውስጥ መግባት አይችልምና ፊልሙ ቃሉን በር ላይ ቆማ ለምትጠብቀው ለእናቱ ሰጣት። ብዙዎቹ «ከፖል ተነጠቀ» አሉ። የእናቲቱ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ የሚታይበትን ቅንጫቢ መልሰን ስናሳይ ግን ፊልሙ በምትኩ ያገኘው ነገር ታየ፦ ልጁ ይሙት ይዳን የማታውቅ እናት።

ሁለተኛው የከሐዲው ጉዳይ ነው። መጽሐፉ የፖል ቤተሰብ ሐኪም ዩዌ እንደሚከዳ ገና ከጅምሩ ይነግረናል፤ ፊልሙ ክህደቱ እስኪፈጸም ይደብቀዋል። ከፊልሙ የጀመሩት «ኸርበርት ጨዋታውን አበላሸ» ሲሉ ከመጽሐፉ የጀመሩት ተቃወሙ። ማወቁ ነው የሚያስጨንቀው፤ ሐኪሙ ለቤተሰቡ ደግ በሆነ ቁጥር አንባቢው ይሳቀቃል። እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ጋር ነኝ። ድንገቴ አንዴ ካለፈ አለፈ፤ ቀድሞ የታወቀ ክህደት ግን እያንዳንዱን ገጽ ያከብደዋል።

ፖል በሚወዳት የበረሃ ልጅ በቻኒ ግን ከፊልሙ ጋር ነኝ። በመጽሐፉ ከፖል ጎን ትቆማለች፤ በ2024ቱ ፊልም ትጠራጠራለች፣ በመጨረሻም ትታው ትሄዳለች። «መጽሐፉን ከዳ» የሚል ብዙ ካርድ ደርሶኛል። ኸርበርት ግን ታሪኩን የጻፈው ጀግና ማምለክ የሚያስከትለውን አደጋ ለማሳየት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል፤ መጽሐፉን አንብቦ ፖልን የሚያጨበጭብለት አንባቢ ሁልጊዜ አለ። ፊልሙ ያንን ማስጠንቀቂያ በአንዲት ልጅ ፊት ላይ አሳየው። ዋጋም ከፍሏል፦ የመጽሐፉ የሁለት ዓመት ክፍተት ከአንድ እርግዝና ወራት ባነሰ ጊዜ ስለታጨቀ ፖል በበረሃው ሕዝብ ዘንድ የሚገነው በጥድፊያ ነው።

«ብላክ ፓንተር» (እ.ኤ.አ. 2018) አዲስ ባይሆንም በአባላት ጥያቄ ገባ። ለሩት ካርተር ኦስካር ያስገኘው አልባሳት ከአፍሪካ ከየማዕዘኑ የተሰበሰበ ነው፦ ብርድ ልብሱ የሌሶቶው የባሶቶ ሕዝብ፣ የንግሥቲቱ ቆብ የዙሉ። ቋንቋው የደቡብ አፍሪካው ኮሳ ነው። የከንፈር ሸክላው ከእኛው ኦሞ፣ ከሙርሲና ከሱሪ የመጣ ሲሆን አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል ያስተዋለችው ስሕተት ከሁሉ ይበልጣል፦ በሙርሲና በሱሪ ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፣ በፊልሙ ግን ለወንድ ሽማግሌ ተደረገ። ዋካንዳ ምናባዊ አገር ስለሆነ ይፈቀድለታል የሚሉ ነበሩ፤ ክርክሩ አልተቋጨም።

ስለ ማሳያው ለሚጠይቁን ሌሎች ክበቦች፦ ሙሉ ፊልም አናሳይም። የ2024ቱ «ዱን» 166 ደቂቃ ነው፤ 90 ደቂቃ ላለው ክበብ ሁለት ዓርብ ይፈጅና መነጋገሪያ ጊዜ አይተርፍም። ፊልሙን በየቤታቸው ወይም ሲኒማ ቤት አይተው ይመጣሉ፤ እኛ የምናየው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቅንጫቢ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ የሌሊት ትዕይንት አይታይም። መጋረጃ ካልበቃ ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ይረዳል፤ የምስሉ ወርድና ቁመት በግማሽ ሲያንስ ያው ብርሃን በሩብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ አራት እጥፍ ይደምቃል። ሙዚቃው እየጮኸ ንግግሩ የሚጠፋው ፋይሉ ለስድስት ድምፅ ማጉያ ስለተዘጋጀና ንግግሩ በመካከለኛው ስለሚያልፍ ነው፤ ማጫወቻው ላይ ድምፁን ወደ ስቴሪዮ መቀየር ያስተካክለዋል። መብራት ከጠፋ፣ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሳይቀዘቅዝ መልሶ ላይበራ ስለሚችል በእጃችን ካለው ገጽ ማንበብ እንቀጥላለን።

በመጪው ዓመት በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) እንጀምራለን። ፋንታሲ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሙግት ከወዲሁ ተነሥቷል፤ ለምስጢራዊ ቴክኖሎጂም ቢሆን ሦስቱ ጥያቄዎች አይቀሩለትም። ቅጂው ከየቤቱ ስለሚገኝ የላስቲክ ችግር የለም። ዕትሞች የገጽ ቁጥር ሊለያዩ ስለሚችሉ ግን አባላት ከገጹ ጋር ምዕራፉንም እንዲጽፉ ይሁን። «ፒራኔዚ»ን ያልመለሱ ሁለት አባላት አሉ፤ እስከ ክረምቱ ዕረፍት ድረስ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክቡ።