ቅርብ ትምህርት ቤት ለተከራይ ልጅም ይገባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ 20 በመቶውን ቆጥበን 80 በመቶውን በባንክ ብድር በምንከፍልበት የ20/80 መርሐ ግብር የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰን ቤተሰቦች ሰፈራችንን የወሰነልን ዕጣ ነው። ከከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ የደረሰው ወላጅ ቁልፉን ሲረከብ የሚያስጨንቀው የውኃና የመብራት ነገር ቢሆንም፣ ልጁ ለአንደኛ ክፍል ሲደርስ ጭንቀቱ ሁሉ የትምህርት ቤት ርቀት ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ ሳይነጋ ሰርቪስ ትሳፈራለች፤ የምሳ ዕቃዋን እንዳቀፈች እንቅልፍ ይጥላታል። ይህን ማየት ያቃታቸው ወላጆች የራሳቸውን ቤት አከራይተው መሀል ከተማ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እዚያም የመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የወረዳ መታወቂያ ይጠይቃቸዋል፤ አከራዩ ግን መታወቂያውን እንዲያወጡ ተከራይ በቤት ቁጥሩ ማስመዝገብ አይወድም። የሰባት ዓመት ሕፃን በአከራይ እምቢታ ምክንያት ከአጥር ማዶ ካለ ትምህርት ቤት መመለሱ ፈጽሞ አግባብ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ስለሚያስገድድ፣ ትምህርት ቢሮው ይህንኑ የተመዘገበ ውል ለምዝገባ በቂ የነዋሪነት ማስረጃ አድርጎ እንዲቀበል እጠይቃለሁ።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ