ስለ ድንጋይ ኅትመት የዘገየ መልስ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍረኛልና ሰበብ ሳልደረድር ይቅርታህን እለምናለሁ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ሥዕል የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው፤ አትሞ ማባዛት ምኑ ጥበብ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ለዚያች ጥያቄ ነው፤ ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተከተልልኝ።

ሰሞኑን የሮበርት ብላክበርን ታሪክ ይዞኛል። በ1920 ከጃማይካውያን ወላጆች ተወልዶ በኒው ዮርክ ሃርለም ያደገ የኅትመት ሠዓሊ ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ደመወዝ እየከፈለ በየሰፈሩ የጥበብ ማእከል ሲያስከፍት፣ ብላክበርን ገና በጉርምስናው የድንጋይ ኅትመትን፣ ፈረንጆቹ ሊቶግራፊ የሚሉትን፣ የተማረው ከእነዚህ በአንዱ፣ በሃርለሙ ማእከል ነበር።

ሥራውን ባለፈው ወር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ቆሜ አየሁት። የኖራ ድንጋዩ እንደታሰሰ ምጣድ ለስልሷል። ሠዓሊዋ በቅባታማ እርሳስ ሣለችበት፤ ጥቂት አሲድ ጠብ ያለበት ሙጫ ተቀባ፤ ከዚያ አንዱ በስፖንጅ ሲያረጥብ ሌላው ቀለም የነካውን ሮለር አንከባለለበት፤ ቀለሙም ውሃውን እየሸሸ ቅባቱ ላይ ብቻ ያርፍ ጀመር። ስፖንጅ የያዘው ዘግይቶ ድንጋዩ ቢደርቅ ቀለሙ ባዶውን ስፍራ ሁሉ ስለሚይዘው ሥዕሉ ይበላሻል። ወዳጄ፣ ይህ በአንድ ሰው እጅ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ማተሚያውም ከባድና ውድ ስለሆነ ድሃ ሠዓሊ ብቻውን ሊገዛው አይችልም።

ብላክበርን በ1940ዎቹ መጨረሻ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ ጥቁር ነጭ፣ ያለው የሌለው ሳይል በሩን ክፍት ያደረገው ለዚህ ይመስለኛል። ከ1957 ጀምሮ በሎንግ አይላንድ በሌላ ወርክሾፕ እንደ ጃስፐር ጆንስ ያሉ የታወቁ ሠዓሊዎችን ድንጋዮች ያተመው እርሱ ሲሆን፣ የእነርሱ ስም ሲገን የእርሱ ተደብቆ መኖሩ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። የራሱ ወርክሾፕ በ2001 ተዘጋ፤ እርሱም በ2003 አረፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በስሙ እንደገና ተከፈተ።

በፊላደልፊያ ደግሞ ሠዓሊው ዶክስ ትራሽ የሊቶግራፊ ድንጋይ የሚታሽበትን ካርቦረንደም የተባለ ጠንካራ የማለስለሻ ብናኝ በመዳብ ሳህን ላይ በማሸት፣ ከጥላ ውስጥ ብርሃን የሚያወጣ አዲስ ዘዴ ከባልደረቦቹ ጋር አገኘ፤ ሥራዎቹንም በእናቱ በኦፊሊያ ስም ሰየማቸው። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ኋላ ለረጅም ዓመታት ባስተማረበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ጥቁር አሜሪካዊት ሠዓሊ ኤሊዛቤት ካትሌት ደግሞ በ1946 ሜክሲኮ ሄዳ ከሕዝባዊው የኅትመት ማኅበር ጋር ሠራች። የ1952ቱን የገበሬዋን ምስል ፈልገህ እይልኝ፦ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያደረገች ሴት ልብሷን አንገቷ ሥር በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ካትሌት ይህን በሊኖሊየም፣ ማለትም ወለል በሚለበስበት ለስላሳ ንጣፍ፣ ላይ ቀርጻ ያባዛችው እንደዚያች ሴት ያለ ሰው ጭምር ገዝቶ ቤቱ እንዲሰቅለው ነው።

ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህ ኅትመት በዚያ ወርክሾፕ የተሠራ ነው። ሦስተኛው ቅጂ ሲታተም ስፖንጁን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ የደረሰህም እርሱ ነው።

ወዳጅህ