ገመዱን ከመጠገናችን በፊት ቤታችሁን ለምን እንደምናይ
የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ገመድ ተቀብለን ዝም ብሎ መጠገን አቁመናል። መጀመሪያ ቤታችሁ መጥተን ሶኬቱንና መስመሩን እናያለን። ለዚህም 800 ብር እናስከፍላለን። ገመዳችሁን ተሸክማችሁ መጥታችሁ ሳይሠራላችሁ ለተመለሳችሁ፣ ስላጉላላናችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን የሚነሳ አይደለም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ገመድ ጠግኑልኝ ብትላቸው ቤትህን ካላየን ይላሉ፣ ብር ለመብላት ነው» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ይህ ሱቅ ምጣድና የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሱቅ ነው። «ለበዓል አድርስልኝ» ተብዬ ዋዜማውን አምሽቼ ምጣድ ያደረስኩላችሁ እኔ ነኝ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከልና ሰፈሩ በኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ፣ ገመዱን ይዛችሁ የመጣችሁት ያንን ሥራዬን አይታችሁ ነው። ይህን ሁሉ ለ800 ብር የምሸጥ ሰው እመስላለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚመጣልን ገመድ አብዛኛው ራሱ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። በቅርቡ አንድ ደንበኛችን ስፒናው ቀልጦ አስማሚው ውስጥ የተጣበቀ ገመድ አመጡልን። ጫፉ ቡናማ ሆኗል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። «የቻይና ዕቃ!» አሉ። ቤታቸው ሄደን ሶኬቱን ስንፈታው፣ ለአምፑል የሚበቃ ቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ በናስትሮ ተጠቅልሏል። አዲስ ገመድ ብሰጣቸው ኖሮ እሱም እዚያው ይቀልጥ ነበር።

በ16 አምፒር የሚሞላ ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። የእንጀራ ምጣድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን ምጣድ ተጋግሮ ሲያልቅ ይነቀላል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድራል። «ምጣዱን ችሎ የለ እንዴ?» ለምትሉን መልሱ ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ የምንጨቃጨቀው በቀዩ መብራት ነው። ገመዱ መሃል ላይ ያለው ሳጥን ኧርዝ፣ ማለትም የመሬት መስመር፣ መኖሩን ይፈትሻል። ካላገኘ ቀይ ያበራና አልሞላም ይላል። ብዙ ቤት ደግሞ ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ አለው እንጂ ከኋላው ሽቦ የለም። ስፒናው ውስጥ ኒውትራሉን፣ ማለትም ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ቀዩን የሚያጠፋ ሰው ሞልቷል፤ ርካሽም ነው። እኛ ግን የፈለገ ቢከፈለን አንነካውም። አንድ ቀን ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ ኮረንቲው የሚመጣው በመኪናው ብረት ላይ ነው። ዝናብ ባረጠበው ግቢ ባዶ እግሩን ሄዶ የመኪና በር የሚነካ ልጅ አስቡ። እንዲህ አልሠራም ስላልኩ ጥለውኝ የሄዱ የድሮ ደንበኞች አሉ። ቢመለሱ ደስ ይለኛል።

የወጪው ነገርም አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ሳጥኑም፣ መኪናው ላይ የሚሰካው ጫፍም የሚመጣው ከውጭ ነው። የሸጥነው ዕቃ በመጥፎ ሶኬት ተቃጥሎ «ዋስትና አለው» ተብሎ ሲመለስ የምንከፍለው እኛ ነን። ቤት ለቤት የሚዞሩት ልጆችም ደመወዝ ይፈልጋሉ። ይሄ ሁሉ ሆኖ 800 ብሩ ጠፍቶ አይቀርም፤ ሥራውን ለእኛ ከሰጣችሁ ከሂሳቡ ይቀነሳል።

ደግሞ ሳትጠሩን የሚፈታ ብዙ ነገር አለ። መሙላት ጀምሮ የሚያቋርጥ ከሆነ አምፒሩን ወደ 10 ወይም 8 አውርዱት። ይዘገያል፣ ግን ሳያቋርጥ ሲሞላ ያድራል። ምሽት ላይ ኃይል ሲወርድ እንቢ የሚል መኪና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እሺ ሊል ይችላል። ብሬከሩ የሚወርደው ምጣድ ሲበራ ብቻ ከሆነ ገመዱን አትጠርጥሩ። ከዝናብ በኋላ ከሆነ ግን የሚሰካው ጫፍ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል፤ ሳይደርቅ አትሰኩት። ጫፉ ላይ በጣት የሚጫነው ቁልፍ በአቧራ ተይዞ ካልተመለሰም መኪናው መሙላት አይጀምርም። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ደግሞ በጭራሽ! ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በመዳፋችሁ ዳሰስ አድርጉት። ለብ ቢል ምንም አይደል። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉና ደውሉልን።

ተከራይ ለሆናችሁና «አከራዬ መስመር አላስነካም አሉ» ለምትሉ፣ ያየነውን በጽሑፍ አድርገን እንሰጣችኋለን። ለአከራዩ ማሳየት ነው።

ከመምጣታችን በፊት የሶኬቱንና የቻርጀሩን መብራት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን። በፎቶ የሚለይ ችግር ከሆነ እዚያው እንነግራችኋለን፤ አንመጣም፣ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት