ግልጽ ደብዳቤ፦ የጭስ መለኪያውን ከማርሚታው ጫፍ ይክተቱልኝ

ለተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ የበላይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ፣

መኪናዬ ጭሷ ሳይለካ በዓመታዊ ምርመራ ስለወደቀችብኝ በመዝገብ ቤት በኩል ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። በመጀመሪያው ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎ ተጻፈበት። ሁለተኛው የመጀመሪያው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ነበር። ሦስተኛውን የተቀበለችኝ ሠራተኛ ቁጥር ሰጥታ «ይደወልልዎታል» አለችኝ። ይኸው አምስት ወር ሆነ፤ አልተደወለልኝም። ስለዚህ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ለእርስዎ ጻፍኩ።

ጉዳዩ የአንድ ቧንቧ ጉዳይ ነው። መኪናዬ ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተር ጎልፍ ጂቲአይ ናት፤ ቱርቦ ማለት አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ ነው። ከቱርቦው አፍ ተነስቶ የተቃጠለውን ጋዝ ቁልቁል ወደ ማርሚታው የሚያወርደው ቧንቧ፣ ዳውንፓይፕ የሚባለው፣ በዚህች መኪና ላይ ካታላይዘሩን፣ ማለትም የጭሱን መርዝ የሚያጠራውን ክፍል፣ በሆዱ የያዘ ነው። የፒስተን ቀለበቶቹ አርጅተው ሞተሩ ዘይት ሲበላ ከርሞ ስለነበር የዘይቱ አመድ ካታላይዘሩን ደፈነው። የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። መካኒኩ በኮምፒውተር ሲያነበው ፒ 0420 የሚል ኮድ ወጣ፤ ካታላይዘሩ ጭሱን በሚገባ እያጠራ አይደለም ማለት ነው። ሞተሩን አስወርጄ ቀለበቶቹን አስለወጥኩ። የቀረው ካታላይዘሩ ነበር።

ፋብሪካው የሠራውን ልግዛ ብዬ ጠየቅኩ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተነገረኝ ዋጋ የአንድ ደመወዝተኛ ዋጋ አልነበረም። ሌላው መንገድ በየጋራዡ የሚነገረው ነው፦ የካታላይዘሩን ቀፎ ቀድዶ፣ ውስጡን ዘርግፎ አውጥቶ፣ ባዶውን መልሶ መበየድ። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለበት ገዢ አለው፤ ባለመኪናው ገንዘብ ያገኝበታል እንጂ አያወጣበትም። ከዚያ የሞተሩን ፕሮግራም አስተካክሎ የካታላይዘሩን ሥራ የሚጠብቀውን የኋላውን የኦክስጅን ሴንሰር ዝም ማሰኘት ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ መርዙ ግን እንዳለ ይወጣል። አንድ መካኒክ ይህንኑ ሥራ በግማሽ ቀን ልጨርስልህ ብሎኝ እምቢ አልኩ።

ጀርመን ያለው ወንድሜ ካታላይዘር ያለው ዳውንፓይፕ ገዝቶ በሰው ላከልኝ። ሦስት ኢንች ስፋት ያለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በውስጡ በየካሬ ኢንቹ ሁለት መቶ ቀዳዳ ያለው ካታላይዘር የተገጠመለት ነው። ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀብን። ቱርቦው ላይ ያሉት ዳዶዎች በዓመታት ሙቀት ተጣብቀው በእሳት እያሞቅን ነው የፈታናቸው። ጋስኬቱን በአዲስ ቀየርን፤ ጭስ እንዳይሾልክ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና ውኃ ፈተሽን። የፊቱም የኋላውም ኦክስጅን ሴንሰር በቦታው ተመለሰ። የኋላውን ማርሚታ አልነካሁትም፤ የፋብሪካው ነው። በሌሊት ማርሚታ አስወልቀው ሕፃንና አዛውንት የሚቀሰቅሱትን ወጣቶች እኔም አልወዳቸውም፤ መርማሪዎችዎ የተለወጠ ነገር ሲያዩ መጠራጠራቸውንም አልነቅፍም።

ጉልበት ለመጨመር እንደፈለግኩም አልደብቅዎትም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ቆላ ላይ የሚሰጠውን ግፊት እዚህ ለመስጠት የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ ከኋላው ያለው መውጫ ሲሰፋለት ትንፋሽ ያገኛል። የሞተሩን ፕሮግራም ከአዲሱ ቧንቧ ጋር እንዲስማማ አስተካክያለሁ፤ የካታላይዘሩን ጠባቂ ሴንሰር ግን አላዘጋሁም። ካታላይዘሩ ቢደክም መብራቱ ይነግረኛል። እስካሁን አልበራም።

መጋቢት ላይ መኪናዋን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወዳለው የምርመራ ድርጅት ወሰድኳት። ፍሬኑ አለፈ፤ መብራቱ አለፈ፤ መሪው አለፈ። መርማሪው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በባትሪ ሲያበራ የሚያብረቀርቅ ብረት አየ። «ይህ የመኪናው ዕቃ አይደለም» አለኝ። ደረሰኙን አሳየሁት። ካታላይዘሩ ላይ የተቀረጸውን ምልክት አሳየሁት። ከዚያ ለመንኩት፦ የጭስ መለኪያውን ማርሚታው ውስጥ ከትቶ ቁጥሩን እንዲያይ። መሣሪያው እዚያው ግድግዳ ሥር ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። «እሱ አያስፈልግም» አለ። ከእኔ ፊት የነበረው ሚኒባስ ሞተሩን ሲያስነሳ አዳራሹን በጥቁር ጭስ ሞልቶት፣ ይኸው መርማሪ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ነበር። ሚኒባሱ አልፎ ቦሎውን ተቀብሎ ሄደ። እኔ «ወድቋል» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ።

ስወጣ አንድ ሠራተኛ ተከተለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። «የድሮው ቀፎ አለህ? ውስጡን አስወጥተህ እሱን አስገጥምና ተመለስ፤ ያልፍልሃል» አለኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህችን ምክር ደግመው ያንብቡልኝ። የሚሠራ ካታላይዘር ይዤ ስመጣ ወደቅኩ። ካታላይዘር የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ይዤ ብመጣ አልፋለሁ፤ ምክንያቱም ከታች ሲታይ የፋብሪካውን ይመስላል። ምርመራው የቧንቧውን መልክ ነው የሚያየው። ከቧንቧው የሚወጣውን የሚያይ የለም። ያቺን ቀን ያላገኘሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ቦሎው ዛሬ ቢሰጠኝ እንኳ ንዴቴ አይበርድም፤ ያ ሠራተኛ ለስንት ሰው ይህንኑ ምክር ሰጥቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁና።

ካታላይዘር ምን እንደሚሠራ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ሲታይ የተረሳ ይመስላል። ሽታ የሌለውን፣ ሰው የሚገድለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ያልተቃጠለውን የቤንዚን ትነት ያቃጥላል። ናይትሮጅን ኦክሳይድን ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመልሳል። ቀፎው ባዶ ሲሆን እነዚህ ሁሉ እንደወጡ ይቀራሉ፤ የቤንዚን ሞተር ጭስ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስላልሆነም በዓይን አይያዝም። ለዚህ ነው መለኪያው የተፈለሰፈው።

ሕጉን ያውቁታል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ን እኔ ለእርስዎ አልጠቅስም፤ መሥሪያ ቤትዎ በየቀኑ የሚሠራበት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል። ከእነዚህ ውስጥ የቧንቧውን ማብረቅረቅ የሚከለክል የትኛው እንደሆነ በማመልከቻዬ ጠይቄያለሁ። ወድቋል የሚለው ወረቀት ላይ የአንቀጽ ቁጥር የለም፤ «ያልተፈቀደ ለውጥ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ አሉበት። የሚፈቀደው የት ነው ስል ደግሞ የሚመልስልኝ አጣሁ። ፈቃድ የሚሰጥ መስኮት ካለ ያሳዩኝ፤ ነገ ጠዋት እሰለፋለሁ።

ከ2016 ጥር ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ዓላማውን እደግፋለሁ። ግን በእጃችን ያሉት መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ ማለት ነው፤ ካታላይዘራቸውም በየተራ ይሞታል። ባለቤቶቻቸው እኔ የቆምኩበት መንታ መንገድ ላይ ይቆማሉ። አንዱ መንገድ ገንዘብ አስወጥቶ ከምርመራ ይጥላል፤ ሌላው ገንዘብ አስገኝቶ ቦሎ ያሰጣል። የትኛውን እንዲመርጡ ነው የምትጠብቁት?

መኪናዬ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቦሎ ስለሌላት መንገድ ላይ አላወጣትም። እናቴን ለሐኪም ቀጠሮዋ የማመላልሳት በኪራይ መኪና ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንሳፈርበትም ከኋላው በሚወጣው ጭስ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትጓዝበት ነው። ቦሎ ግን መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቀንና ሰዓት ይንገሩኝ። ካታላይዘር በወጉ የሚሠራው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ሞተሩን አሙቄ እመጣለሁ። መለኪያው ማርሚታው ውስጥ ይግባ፤ ቁጥሩን እርስዎም ያንብቡት፣ እኔም ላንብበው። የምትሠሩበትን ገደብ ካለፈ ዳውንፓይፑን እዚያው ጉድጓዱ ላይ በራሴ ቁልፍ እፈታዋለሁ። ካላለፈ ቦሎዬን ይስጡኝ፤ ከመሣሪያው ላይ የተነሣውንም ላስቲክ ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው መኪና መልሳችሁ እንዳታለብሱት።