45 ቀን ጠብቄ ያገኘሁት ሁለት መስመር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ብሪታንያ ውስጥ በኮንትራክት ስለሚሠሩ ሐበሾች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ኮንትራክተሮች አይ አር 35 በሚባለው የታክስ ሕግ ጉዳይ ከክላየንት (ከሚያሠራቸው ድርጅት) እና ሥራውን ከሚያገናኛቸው ኤጀንሲ ጋር የሚጨቃጨቁት ታክስ ላለመክፈል እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ የዳታቤዝ ሰው ነኝ፤ በኮንትራክት መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሊሚትድ ካምፓኒ አለኝ። ኮርፖሬሽን ታክስ እከፍላለሁ፣ ቫት ሰብስቤ አስረክባለሁ፣ የራሴንም ገቢ በየዓመቱ አሳውቃለሁ። መክፈሉ አይደለም የሚያናድደን። የሚያናድደን ተቀጣሪ ናችሁ ተብለን እንደ ተቀጣሪ ከተቆረጠብን በኋላ ተቀጣሪ የሚያገኘውን አለማግኘታችን ነው፤ ከዚያም በላይ፣ ይህን የወሰነብን ድርጅት ራሱ አቤቱታችንንም ሰሚ ሆኖ መቀመጡ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አይ አር 35 ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ከወጣ የገቢ መሥሪያ ቤት መግለጫ ቁጥር ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 2000 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ኢንቮይስ የሚልከው በካምፓኒው ስም ቢሆንም፣ ካምፓኒውን ከመሀል ብናወጣው ተቀጣሪ የሚባል ከሆነ እንደ ተቀጣሪ ታክስ ይክፈል ነው የሚለው። በዚህ እኔም አልጣላም። አርብ ከሥራ ለቅቆ ሰኞ እዚያው ወንበር ላይ በካምፓኒ ስም የሚቀመጥ ሰው እንደነበረ እናውቃለን። ድሮ «ኢንሳይድ ነኝ (ሕጉ ይመለከተኛል) ወይስ አውትሳይድ (አይመለከተኝም)» ብሎ የሚወስነው ኮንትራክተሩ ራሱ ነበር። በ2017 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከኤፕሪል 6 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ በግሉ ዘርፍ መካከለኛና ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ውሳኔው ወደ ክላየንቱ ዞረ። ትንንሾቹ ድርጅቶች ዘንድ አሁንም የድሮው ነው።

ክላየንቱ ከተሳሳተ ደግሞ ዕዳው ወደሱ ወይም ወደ ኤጀንሲው ይመጣል። ፍርሃቱ የመጣው ከዚህ ነው። የመንግሥቱ የሥራና የጡረታ መሥሪያ ቤት እንኳ የኮንትራክተሮቹን ሁኔታ በስህተት ወስነሃል ተብሎ ለታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለኤችኤምአርሲ ወደ 88 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ መጥቶበታል። ይህን ያየ የድርጅት ጠበቃ ምን ያደርጋል? አንድ በአንድ መመርመሩን ትቶ ሁሉንም ኢንሳይድ ይላል። ለሱ የሚቀለው ይኼ ነው፤ ቢሳሳት እንኳ ኪሱ የሚጎዳው ኮንትራክተሩ ነዋ።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የድርጅቱንም የኤጀንሲውንም ስም አልጠራም። ሥራውን የያዝኩት አውትሳይድ ነው ተብሎ ነው። በአራተኛው ወር ላይ ኤጀንሲው ኢሜይል ላከልኝ፤ ክላየንቱ ሁሉንም ውል «እንደገና ገምግሞ» ኢንሳይድ ብሏል፣ እስከ አርብ አንድ አምብሬላ ካምፓኒ (ኮንትራክተሩን በስሙ ቀጥሮ፣ ታክስ ቆርጦ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት) መርጠህ ፈርም ይላል። ከኢሜይሉ ጋር ሕጉ የሚጠይቀው የውሳኔ መግለጫ ተያይዟል። ግማሽ ገጽ ነው። በክላየንቱ ላፕቶፕ ይሠራል ይላል፤ እኔ የምሠራው በራሴ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በሥራ አስኪያጅ ቁጥጥር ሥር ነው ይላል፤ የእኔ ሥራ ሲስተሙ ሰው በማይጠቀምበት ሌሊት የሚሠራ ነው፣ እዚያ ሰዓት ላይ የሚቆጣጠረኝ ሰው ተኝቷል።

እዚያው ድርጅት በቴስተርነት (ሶፍትዌር ፈታሽ ሆና) የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። እሷም ደርሷታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠን አነበብናቸው። ቃል በቃል አንድ ናቸው። የእኔው ላይ ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ «ቴስተሩ» የሚል ቃል ሳይለወጥ ቀርቷል። በቃ፣ ስም ቀይረው ነው የላኩት። ሕጉ ክላየንቱ ተገቢውን ጥንቃቄ ያድርግ፣ ምክንያቱንም ይጻፍ ይላል። የኤችኤምአርሲ መመሪያም የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ሳያዩ በጅምላ መወሰን ተገቢ ጥንቃቄ እንዳልሆነ ይናገራል። ጓደኛዬ ፈረመች፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ አርብ ደግሞ ቅርብ ነው። አልፈርድባትም።

እኔ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሕጉ ይህንን ይፈቅዳል። ውሳኔው ከተሰጠን ጀምሮ የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ድረስ በማንኛውም ጊዜ መቃወም እንችላለን፤ ክላየንቱም በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ታክሱን የመቁረጡም የመክፈሉም ኃላፊነት ወደሱ ይዞራል። ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ዳኞች ዛሬም የሚጠቅሱትን የ1968ቱን የኮንክሪት መኪና ሹፌር ጉዳይ ሳይቀር አነሣሁ። ሹፌሩ የኩባንያውን ዩኒፎርም ለብሶ፣ በኩባንያው ቀለም የተቀባ መኪና ይነዳ ነበር፤ ግን መኪናው የራሱ ነው፣ ካስፈለገው ሌላ ሹፌር ተክቶ ማሠራት ይችላል፣ ትርፍም ኪሳራም የሱ ነው። ተቀጣሪ አይደለም ተባለ። እኔም በውሌ ላይ ሌላ ሰው የመተካት መብት አለኝ፣ አንድ ጊዜም ተክቼ በራሴ ገንዘብ ከፍያለሁ። ደረሰኙን አያያዝኩ።

መልሱ በ43ኛው ቀን መጣ። ሁለት መስመር ነው። አስተያየትህን ተመልክተናል፣ ውሳኔያችን ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል ይላል። ስለ ደረሰኙ አንድ ቃል የለም። ስለ ላፕቶፑም የለም። «ቴስተሩ» የሚለውም እንዳለ ነው። ኤጀንሲው ጋ ስደውል ልጅቷ በጣም ትሁት ነበረች፤ «ይቅርታ፣ እኛ መልእክት አድራሽ ነን» አለችኝ። ክላየንቱ ጋ ስደውል ውልህ ከኤጀንሲው ጋር ነው አሉኝ። አንዱ ወደ አንዱ ሲወረውረኝ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አዘጋጅ፣ ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። በዚህ የቅሬታ ሂደት ውስጥ ሦስተኛ ወገን የለም። የወሰነው ድርጅት ቅሬታውን ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ራሱ መልስ ይሰጣል። ገለልተኛ ሰው ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ አያየውም። ቢያየው ኖሮ «ቴስተሩ» የሚለውን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ገንዘቡንም እንየው፤ ታክስ ሽሽት ነው ስለተባለ። በቀን 400 ፓውንድ የሚከፈለው ሰው በሳምንት 2,000 ያመጣል። አምብሬላ ውስጥ ሲገባ ከዚህ ላይ በመጀመሪያ የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ (አሠሪ ለመንግሥት የሚከፍለው መዋጮ) ይነሣል፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 15 በመቶ ነው፣ የሚሰላውም በ2,000ው ላይ ሳይሆን ተቀናንሶ ከሚቀረው ደመወዝ ከተወሰነ መነሻ በላይ ባለው ላይ ነው። ከዚያ የአፕረንቲስሺፕ ሌቪ (ለሙያ ሥልጠና የሚሰበሰብ የአሠሪ ግብር) 0.5 በመቶ። ከዚያ የአምብሬላው ክፍያ፣ 20 ፓውንድ እንበል። የቀረው ወደ 1,730 ነው። ልብ በሉ፣ የራሱ ታክስ ገና አልተነካም። ከተነሣው ውስጥ ወደ 250 ፓውንድ የሚሆነው የአሠሪ ወጪ ነው፣ ከሠራተኛው ክፍያ ላይ የሚነሣ። የዓመት ፈቃድ ክፍያ አለህ ይባላል፣ እሱም የሚወጣው ከዚያው ከ1,730ው ውስጥ ነው። በክላየንቱ በኩልስ? የሕመም ፈቃድ የለም፣ የጡረታ መዋጮ የለም፣ ነገ አትምጣ ቢሉህ ካሳ የለም። የሎርዶች ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለውን ሰው ምንም መብት የሌለው ተቀጣሪ ብሎታል። እኔ አይደለሁም ያልኩት።

መንግሥትም ወላወለ። ሴፕቴምበር 2022 ላይ የ2017ቱም የ2021ዱም ለውጥ ይሻራል ተባለ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 17፣ አይሻርም ተባለ። በመሀል ስንት ሰው ውሉን ይዞ ሲጠብቅ ነበር።

እኔ ሕጉ ይሰረዝ አልልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ክላየንቱ ቅሬታውን ውድቅ ካደረገ ጉዳዩን የሚያይ ገለልተኛ አካል ይኑር፤ በአነስተኛ ወጪ፣ ጠበቃ ሳያስፈልግ፣ በታወቀ ቀን ውስጥ የሚወስን። ክላየንቱም ሌላ ሰው እንደሚያየው ካወቀ ወረቀቱን አንብቦ ይፈርማል። ይህንን ለፓርላማ ተወካዬ ጽፌያለሁ። እናንተም ብትጽፉበት ብዙ ሰው ይሰማችኋል።

ለእኛ ሰዎች ደግሞ፣ በተለይ አዲስ ለጀመራችሁ። «ኤጀንሲው አይወደኝም፣ ሁለተኛ አይደውልልኝም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። እኔም ለዓመታት ዝም ብዬ ነበር፣ ስለዚህ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የውሳኔ መግለጫውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው። የቀን ክፍያው አምብሬላው ከመቁረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። ስልክ ላይ የተባለውን ሁሉ ያኑ ቀን በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉላቸው። ከተቀጣሪ የበለጠ ገንዘብ እጅህ አስገባልሃለሁ የሚል አምብሬላ ከመጣ ግን ራቁ። ታክስ እንዳይቆረጥበት ተብሎ ደመወዛቸው በብድር ስም ይከፈላቸው የነበሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ የታክስ ዕዳ መጥቶባቸው ቤታቸውን እስከመሸጥ ደርሰዋል።

እኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ሰኞ ልኬያለሁ። በዚህኛው ላይ የጻፍኩት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የእኔንና የጓደኛዬን መግለጫ በሷ ፈቃድ ጎን ለጎን አድርጌ «ቴስተሩ» የሚለው ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። 45 ቀኑ ሲሞላ መልሱን፣ መልስ ከሌለም አለመኖሩን ጽፌ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከእንግሊዝ